ሥጋ ለማትበላ እንግዳ ላዛኛ፦ እሁድ አማቴም አሉ፣ ድረሱልኝ!

ሳቢያን_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

እንዴት አመሻችሁ የድሬ ልጆች። ጭንቅ ይዤ መጥቻለሁ።

ታናሽ ወንድሜ እሁድ እጮኛውን ከአዲስ አበባ ይዞ ይመጣል። ቤቴ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ትናንት ደውሎ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሻንጣው ሁሉ ካወራ በኋላ ስልኩን ሊዘጋ ሲል «በነገራችን ላይ፣ እሷ ሥጋ አትበላም» አለኝ። ጾም ላይ ናት እንዴ ብለው «አይ፣ ዝም ብላ ነው የማትበላው» አለ። «ላዛኛ ግን ትወዳለች» ብሎ ጨመረና ዘጋው።

ላዛኛ እችላለሁ። የልጆቼ ልደት በመጣ ቁጥር እሠራለሁ። ግን የኔ ላዛኛ ማለት አንድ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ነው። ሥጋው ከወጣ የሚቀረው ቲማቲም የተቀባ ካርቶን ነው።

ሌላው ጭንቅ አማቴ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው «በፍስክ ለአዲስ እንግዳ ቅጠል ልታቀርቢ ነው?» ብለው ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ደግሞ ከመናገራቸው ይብሳል።

ሥጋውን በምን ልተካው? ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ሪኮታ ሪኮታ ይላል፣ የጣልያኖቹን ለስላሳ አይብ። ከዚራ ያሉትን ሱፐርማርኬቶች ዞርኳቸው፣ የለም። የላዛኛ ፓስታውን ግን አግኝቼ ሁለት ፓኬት ገዝቻለሁ። ዘጠኝ ሰው ነን።

---

ቁርስ_በፈጢራ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:52

አቦ ሽሮ ሥሪላት! ምን ያስጨንቅሻል። ሽሮ የማይወድ ሰው ድሬ ድረስ አይመጣም።

---

የጁገል_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ቁርስ፣ አንተ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። እጮኛ ናት እኮ! ሽሮ የቤት ሰው ምግብ ነው፣ ከሠርጉ በኋላ ትደርስበታለች።

እህቴ፣ ሪኮታ ፍለጋ አትድከሚ። ቀፊራ ገበያ ወርደሽ አይብ ግዢ። ጥሩ ለስላሳ አይብ። እኔ ሐረር ሆኜ ሁሌ በአይብ ነው የምሠራው፣ ወላሂ ማንም ልዩነቱን አልጠየቀኝም።

---

ጾመኛ_21 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሥጋ ካልበላች የጾም ላዛኛ ሥሪላት፣ አለቀ። አይብም ወተትም እንቁላልም የለበትም። ዓሣ ጣል ብታደርጊበት ደግሞ ያምራል።

---

ቅጠል_በሊታ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:31

ይሄን ክር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ሥጋ ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ገንደ ቆሬ ነው።

ጾመኛ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ቀላቅለሃል። ጾም ላይ ያለ ሰው ወተትና እንቁላልም አይበላም፣ ሲፈስክ ሁሉንም ይበላል። እንደኔ ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ይበላል፣ ሥጋውን ግን በፋሲካም አይነካም። ዓሣም ሥጋ ነው። ስንቴ ነው «ሥጋ አትበላም ብለውኝ ዓሣ ጠበስኩልህ» የተባልኩት! እናቶች በፍቅር ያቀርቡታል፣ እምቢ ስትል ዓይናቸው ውኃ ይሞላል። እኔም አፍሬ እነሱም አፍረው እንለያያለን።

ወተትና እንቁላል የማይበሉም አሉ። ሳቢያን፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጠይቂያት። በወንድምሽ በኩል አይደለም፣ ራሷን። ወንድምሽ ሲያስረዳ ምን እንደሚመስል አይተሻል።

---

ሳቢያን_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ገና ሳላያት «ምን ትበያለሽ፣ ምን አትበዪም» ብዬ ልጠይቃት? እንግዳ እንዲህ ይጠየቃል እንዴ? ያሳፍራል።

---

ቅጠል_በሊታ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

የሚያሳፍረው ቀርቦ ሳይነካ የሚመለስ ሳህን ነው። እመኚኝ፣ ትደሰታለች። የሾርባ ቅመሙንም ልብ በይ። ሰው ሥጋውን ያወጣና «ጣዕም አነሰው» ብሎ የዶሮ ማጊ ይጨምርበታል። ውስጡ ከዶሮ የተሠራ ነገር ሊኖርበት ይችላል፣ ስሙም ዶሮ ነው።

---

እማማ_ቡና · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:10

እናንተ ልጆች ሌሊቱን አትተኙም እንዴ?

ልጄ ሳቢያን፣ አማትሽን አትፍሪያቸው። ለእሳቸው ለብቻ ጥብስ ሥሪላቸው፣ ዝምታቸው ያን ጊዜ ይፈታል። ልጅቷን ግን ጠይቂያት። በእኛ ጊዜ እስላም ጎረቤት ሲመጣ ክርስቲያኑ ሥጋ አያቀርብም፣ ክርስቲያንም ሲሄድ እንደዚያው። ድሬ ሁሉም እኩል የሚበላው ሞልቷል፣ ማንም አላፈረም። ተከባብሮ መብላት እዚህ አዲስ ነገር አይደለም።

---

የጁገል_ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:02

እማማ ይኑሩልን! ሐረርም እንደዚያው ነው። እኛ ቤት ለክርስቲያን እንግዳ የሚወጣው ድስት የታወቀ ነበር፣ አያቴ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር አስራበት ነበር።

---

ባለ_ኦቨን · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:15

ሰላም። ለብዙ ዓመት ሆቴል ማዕድ ቤት ሠርቻለሁ፣ አሁን ጡረታ ነኝ። ስለ ላዛኛው ትንሽ ልበል።

ሥጋውን በአንድ ነገር ብቻ አትተኪው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥጋ ላዛኛ ውስጥ ሲገባ ጥርስ ላይ የሚገኝ ነገር ይሰጣል፣ ቅባት ይሰጣል፣ ደግሞ ያንን የተቁላላ ጥልቅ ጣዕም ይሰጣል። ካሮትና ዝኩኒ ብቻ ካስገባሽ ሦስቱም የሉም። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ።

ጥርስ ላይ እንዲገኝ ድፍን ምስር ውሰጂ። ክክ አይደለም! ክኩ ይፈርስና ገንፎ ይሆናል። ለዘጠኝ ሰው አንድ ኩባያ ተኩል ይበቃል። ለብቻው ቀቅለሽ ገና ጠንከር እንዳለ አውጪው፣ ኋላ ኦቨን ውስጥ ይጨርሳል። ቀይ ሽንኩርትና ካሮት በጣም ደቆ ይከተፍና በዘይት ቀስ ብሎ ይቁላላ። አትቸኩዪ፣ ሃያ ደቂቃ ስጪው። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሁለት ማንኪያ ሳልሳ። ሳልሳውን ቲማቲም ከመግባቱ በፊት ዘይቱ ላይ ጥበሺው፣ ቀይነቱ ወደ ጡብ መልክ እስኪሄድ ድረስ። ያ ጥልቅ ጣዕም የሚመጣው ከዚህች ደቂቃ ነው። ከዚያ የተፈጨ ቲማቲም፣ ከዚያ ምስሩ።

ቅባቱን ደበርጃን ይሰጥሻል። በጣት ውፍረት ቁረጪው፣ ጨው ነስንሺበት፣ ግማሽ ሰዓት ወንፊት ላይ አስቀምጪው። ላብ ላብ ይለዋል። ጠረግ ጠረግ አድርጊና ዘይት ቀብተሽ ጥበሺው። ዘይት ውስጥ ብትነክሪው እንደ ስፖንጅ ይጠጣልሻል፣ ስለዚህ መቀባት ብቻ።

አይቡን የጁገል ልጅ ነግራሻለች። ግማሽ ኪሎ በቂ ነው። ቆስጣ ቀቅለሽ፣ በእጅሽ ጨምቀሽ ጨምቀሽ ውኃውን አውጥተሽ፣ ከአይቡ ጋር አዋህጂው። ልጅቷ እንቁላል ከበላች አንድ እንቁላል ምቺበት፣ ያይዘዋል። ጨው ጨምሪ፣ አይብ ጨው የለውም።

ከላይ ቤሻሜል፣ በዱቄት የወፈረ የወተት ሶስ ማለት ነው። ለአንድ ሊትር ወተት 80 ግራም የገበታ ቅቤና 80 ግራም የፉርኖ ዱቄት። ዱቄቱን ቅቤው ላይ ሁለት ደቂቃ አብስዪው፣ ካልሆነ ጥሬ ጥሬ ይላል። ወተቱን ለብ አድርገሽ ጥቂት በጥቂት እያማሰልሽ ጨምሪ። በአንዴ ካፈሰስሽው ይጓጉላል። ማንኪያ ጀርባ ላይ ሲለጠፍ በቃው። ገውዝ በትንሹ ፋቂበት፣ ግን በትንሹ!

---

ቁርስ_በፈጢራ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:31

በርበሬስ? ምስሩ ላይ በርበሬ ጣል ቢደረግ?

---

ባለ_ኦቨን · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:34

በርበሬ ከገባበት የምስር ወጥ በፓስታ ነው። እሱም ይበላል፣ ግን ላዛኛ አትበለው።

---

የጁገል_ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:40

ጋሼ ባለ ኦቨን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ የሻይ ማንኪያ ምን ያደርጋል? እኔ ሁሌ እጨምራለሁ። በሶብላም ከግንዱ ሸምጥጬ እጨምራለሁ።

---

ባለ_ኦቨን · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:52

በሶብላው ይሁንልሽ። ከጣልያኑ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ የኛው ሽታው ኃይለኛ ነው እንጂ። በርበሬው ላይ ግን አልታረቅም።

---

ከዚራ_ጥላ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

እኔ ማብሰል አልችልም፣ መብላት ግን እችላለሁ። አማትሽ «ላዛኛ ያለ ሥጋ ምን ላዛኛ ነው» ካሉሽ ይሄን ንገሪያቸው። በ14ኛው መቶ ዘመን ጣልያን አገር የተጻፈ የላዛኛ አሠራር አለ። ሊጡ ተዳምጦ ይቀቀላል፣ በመካከሉ የተፈቀፈቀ ፎርማጆና ቅመም ይነሰነሳል፣ አለቀ። ሥጋ የለም። ቲማቲምም የለም፣ ቲማቲም ከአሜሪካ አውሮፓ የገባው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። አሁንም ቢሆን አገሩ ውስጥ አንድ ዓይነት አይደለም። ቦሎኛ ሊጡን በቆስጣ መሳይ ቅጠል አረንጓዴ አድርገው በቤሻሜል ይሠራሉ፣ ናፖሊ ደግሞ ሪኮታ ነው።

እኛም ከጣልያን ፉርኖን፣ ሳልሳን፣ ፎርማጆን ወስደን የራሳችን አድርገናቸዋል። አይብ ቢገባበት ማን ይከሰናል?

---

ቁርስ_በፈጢራ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:26

ይሄን ለአማቷ ከነገረች ላዛኛው ቀርቶ እሷም ትባረራለች።

---

ሳቢያን_ሰፈር · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:15

ጠየቅኳት! ፈርቼ ፈርቼ ማታ ላይ ጻፍኩላት። ወዲያው ነው የደወለችው። ድምጿ ደስ ይላል። ወተትም እንቁላልም ቅቤም ትበላለች። ዓሣና ዶሮ አትበላም። አንድ ቤት ሄዳ ሽሮ ቀርቦላት ደስ ብሏት ስትጎርስ ቦዘና ሆኖ እንዳገኘችው ነገረችኝ። ቁርስ፣ ሰማህ?

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ፎርማጆው ላይ እጠነቀቃለሁ፣ አንዳንዱ ከጥጃ ሆድ በሚወጣ ነገር ነው የሚረጋው» አለችኝ። እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ጥጃ ፎርማጆ ውስጥ ምን ይሠራል?

---

ቅጠል_በሊታ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:05

ልጅቷ ጠንቃቃ ናት! እውነቷን ነው። ብዙ ጠንካራ ፎርማጆ ወተቱ የሚረጋው ሬኔት በሚባል ነገር ነው። ሬኔት ድሮ የሚወጣው ገና ወተት ከሚጠባ ጥጃ ጨጓራ ነው። ጥጃው ታርዶ ማለት ነው። የጣልያኑ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ እስካሁን በደንቡ በጥጃ ሬኔት ነው የሚሠራው። ሌላው ፎርማጆ ብዙው አሁን ከእንስሳ ባልሆነ ማርጊያ ይሠራል። ፓኬቱ ላይ ከጻፉት ጥሩ፣ ካልጻፉት ሻጩም አያውቅም።

የኛ አይብ ግን ምንም የለበትም። ወተት ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ለስላሳ እሳት ላይ ይጣዳል፣ አይቡ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል። ጥጃው በደህና እናቱን ይጠባል። እኔ ከሱፐርማርኬት ፎርማጆ ይልቅ የቀፊራዋን አይብ ነጋዴ የማምነው ለዚህ ነው።

---

የጁገል_ልጅ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:20

ሱብሃነላህ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እኛም የሐላሉን ነገር እንጠይቅበታለን እኮ።

---

እማማ_ቡና · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:44

አይቡን ስትገዢ አሽትቺው። ማታ ቀፊራ የሚቆየው ሙቀቱ ያኮመጥጠዋል። በማለዳ ነው መውረድ። ጣትሽ ላይ ስትፈጪው ጠጠር ጠጠር ካለ ብዙ እሳት በዝቶበታል፣ ተይው።

---

ጾመኛ_21 · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:00

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይገባልና ለጾመኛ የሚሆነውን ልንገራችሁ። እኔ ቤሻሜሉን በሱፍ እሠራዋለሁ። ሱፉ ተቆልቶ ሳይሆን ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በውኃ ይጠለላል። ያ ነጭ ውኃ እንደ ወተት ነው። በዘይትና በዱቄት አወፍረዋለሁ። መልኩ ትንሽ ግራጫ ይላል፣ ጣዕሙ ግን ይጣፍጣል። የላዛኛ ፓስታው እንቁላል እንደሌለበትም ፓኬቱን አንብቡ፣ አንዳንዱ አለው።

---

ባለ_ኦቨን · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:30

ይሄ ጎበዝ ነው። አርባ ዓመት ወጥ ቤት ቆሜ በሱፍ አላሰብኩትም።

---

ሳቢያን_ሰፈር · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:50

ትናንት ማታ መለማመጃ ሠራሁ። ጉድ ሆንኩ። ምስሩ ቆንጆ ነው፣ ደበርጃኑ ቆንጆ ነው። ግን ስቆርጠው ፈሰሰ። ሾርባ! ትሪው ሥር ሁለት ጣት ውኃ አቆረ። ልጄ በማንኪያ ጠጣው። ባሌ «ጣዕሙ ጥሩ ነው» አለ፣ ግን ዳቦ አስመጥቶ እያጠቀሰ ነው ያለው።

ዝኩኒም ጨምሬበት ነበር፣ ተርፎኝ ነው። አይቡን እንደመጣ ነው ያስገባሁት። ፓስታውንም ቀቅዬዋለሁ።

---

ባለ_ኦቨን · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:20

በጽሑፍሽ ውስጥ መልሱ አለ። ዝኩኒው ጥሬውን ገብቷል አይደል? ዝኩኒ ውኃ ነው። ወይ አትጨምሪው፣ ወይ እንደ ደበርጃኑ በጨው አልበሽ ጥበሺው። አይቡ በነጠላ ጨርቅ ታስሮ ከቧንቧ ላይ ሁለት ሰዓት መንጠልጠል አለበት፣ ስታዪው ምን ያህል አጓት እንደሚወጣው ትገረሚያለሽ። ለዚያም ቢሆን ቤት ውስጥ ሙቀቱ ከባድ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ወንፊት ላይ አድርጊው።

ፓስታውን ደግሞ አትቀቅዪው። ደረቁን አስገቢ። ደረቅ ፓስታ የሶሱን ውኃ ይጠጣል፣ ሥራውን ይሠራልሻል። የቀቀልሽው ግን ጠግቦ ነው የገባው፣ የት ይጠጣው? ሶሱ ብቻ ከምታስቢው ትንሽ ቀጠን ይበል፣ ፓስታው ከዳር እስከ ዳር በሶስ ይሸፈን። ያልተሸፈነው ጥግ እንደ ቺፕስ ይደርቃል።

መጨረሻ፣ ከኦቨን ሲወጣ አትቁረጪው! ሃያ ደቂቃ ይቀመጥ። እንግዳ ቢያጉረመርም ይቀመጥ። ያን ጊዜ ነው የሚያያዘው።

---

ቁርስ_በፈጢራ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:33

ወተቱን በግመል ወተት ብታደርጊውስ? የድሬ ላዛኛ ይባል ነበር።

---

ባለ_ኦቨን · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:41

ዱቄቱ ስለሚያወፍረው ቤሻሜል መሆን ይሆናል። ግን ጨው ጨው ይላል፣ እሱን የለመደ ብቻ ነው የሚወደው። አማት ባሉበት አልሞክረውም።

---

ሳቢያን_ሰፈር · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:10

እሁድ መብራት ቢሄድስ? በዚህ ሳምንት ሰፈራችን ሁለቴ ሄዷል። ከሰል ላይ ላድርገው? ከላይ እሳት ከታች እሳት እንደ ድፎ?

---

ባለ_ኦቨን · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:18

ትሪሽ ምን ዓይነት ነው?

---

ሳቢያን_ሰፈር · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:20

የመስታወት ነው። የሠርጌ ስጦታ።

---

ባለ_ኦቨን · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:21

ከሰል ላይ እንዳታስቀምጪው! ይፈነዳል። ላዛኛውም ሠርግሽም አብረው ነው የሚሄዱት። ብረት ትሪ ይኑርሽ።

---

እማማ_ቡና · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:50

ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ለበዓል ድፎውን ሊጡን በኮባ ጠቅልለን ሰፈር ያለ ዳቦ ቤት እንልክ ነበር። የእንጨት እሳት ያለው። ልጆቹ በራሳቸው ተሸክመው ይሄዳሉ። ሰፈርሽ ዳቦ ቤት የለም? ቀደም ብለሽ ሰውየውን አናግሪው።

---

ባለ_ኦቨን · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:02

እማማ ልክ ብለዋል። ግን የዳቦ ቤት እሳት ኃይለኛ ነው። ቤት ውስጥ በ180 ዲግሪ አርባ ደቂቃ የሚፈጀው እዚያ ቶሎ ይጠቁራል። በፎይል ሸፍኚው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ግለጪው። ከአፉ አካባቢ ይቀመጥ፣ ወደ ውስጥ አይገፋ።

---

የጁገል_ልጅ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:15

ሳቢያን ጠፋሽ። ደበርጃን ተጠበሰ?

---

ሳቢያን_ሰፈር · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:30

ተጠበሰ። አይቡ ከማዕድ ቤቱ ቧንቧ ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥሏል። አማቴ መጥተው አዩት። «ምንድን ነው ይሄ?» «አይብ ነው እማዬ።» «ምን አድርጎ?» አሉ። ጥብሱንም ለብቻ አዘጋጅቻለሁ፣ በሌላ ቢላ፣ በሌላ ማንኪያ፣ ቅጠል በሊታ እንዳለኝ... አይ፣ እሱ እንኳን አላለኝም፣ ራሴ አሰብኩት።

---

ቅጠል_በሊታ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:44

ልልሽ ነበር፣ ቀደምሽኝ! ጥብሱ ጎን ቢቀርብ ችግር የለም። የጥብሱ ጭልፋ ላዛኛው ውስጥ ሲገባ ነው ችግሩ። እኔ ሁሌ ጭልፋዋን በዓይኔ እከተላታለሁ።

---

ሳቢያን_ሰፈር · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:05

በሉ ስሙ።

ላዛኛው አምስት ሰዓት ላይ ኦቨን ገባ። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት ሄደ። እንግዶቹ ስድስት ተኩል ላይ ይመጣሉ። ኦቨኑን ሳልከፍት ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ መብራት የለም። ፎይሉን ገልጬ አየሁት፣ መሐሉ ገና ነው። ፓስታው ሹካ አያስገባም።

ዳቦ ቤቱን ዓርብ ማታ አናግሬው ነበር፣ እማማ ዕድሜ ይስጥዎት! የብረት ትሪም ከጎረቤት ተውሼ በዚያው ነው የሠራሁት። ትሪውን በፎጣ ጠቅልዬ ባጃጅ ጠራሁ። ልጁ ጭኔ ላይ ያለውን ሲያይ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ላዛኛ ነው አልኩት። በሕይወቴ ባጃጅ እንዲያ ቀስ ብሎ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ጉድጓድ ላይ ሲደርስ «አቦ ያዢው!» እያለ ይጮሃል።

ጋጋሪው ትሪውን በረጅሙ አካፋ ተቀብሎ ከአፉ አጠገብ አስቀመጠው። ሃያ ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ፎይሉን ሲገልጠው ቤሻሜሉ ከላይ ነጥብ ነጥብ እያለ ቡናማ ሆነ፣ ዳር ዳሩ ፈላ። አንዱ ጥግ ጠቆረ፣ አዎ። እሱን ለራሴ ወሰድኩት።

ቤት ስመለስ እንግዶቹ ተቀምጠዋል፣ መብራትም መጥቷል! ሃያ ደቂቃ አስቀመጥኩት፣ ጋሼ ባለ ኦቨን፣ ቃልዎን ጠብቄ። ወንድሜ ሁለቴ ማዕድ ቤት መጥቶ «አልደረሰም?» አለኝ። ሲቆረጥ ቆመ። ሁሉም ደርብ ይታያል፣ ምስሩ፣ ደበርጃኑ፣ የአይብና የቆስጣው ነጭና አረንጓዴ። አንዲት ጠብታ አልወጣውም።

ልጅቷ ሳህኗን አየችና ትንሽ ቆመች። አወቅኩ። «ከላይ ያለውም አይብ ነው፣ የቀፊራ። ፎርማጆ አላስገባሁም» አልኳት። ምንም አላለችም፣ ግን ሹካዋን አነሳች። ሁለት ጊዜ ጨመረች።

አማቴ መጀመሪያ ጥብሳቸውን በሉ። ከዚያ «እስቲ ከዚያች ቅጠል ትንሽ» አሉ። በሉት። «አይቡ ጨው አንሶታል» አሉ። ልጅቷ «እውነትዎን ነው እማማ፣ ትንሽ አንሶታል» አለች። አማቴ ቀና ብለው አዩዋት፣ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ነው ያወሩት። ማታ ሲሄዱ «ለመክሰስ» ብለው አንድ ቁራጭ በፎይል አስጠቅልለው ወሰዱ።

---

ባለ_ኦቨን · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:20

ጨው አነሰው! ነግሬሽ ነበር እኮ፣ አይብ ጨው የለውም!

---

የጁገል_ልጅ · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:24

ማሻአላህ! በርበሬ ጨምረሻል አልጨመርሽም? እውነቱን።

---

ሳቢያን_ሰፈር · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:26

አንድ የሻይ ማንኪያ። ጋሼ እንዳያዩብኝ።

---

ባለ_ኦቨን · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:27

አይቻለሁ።

---

ቁርስ_በፈጢራ · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:35

የተረፈ አለ? ደግሞስ የባጃጁን ሒሳብ ማን ከፈለ? ደርሶ መልስ ነው እኮ።

---

ሳቢያን_ሰፈር · እሁድ፣ ከምሽቱ 2:41

የተረፈ የለም። ለጋጋሪውም አንድ ቁራጭ ልኬለታለሁ። ባጃጁን ወንድሜ ነዋ የከፈለው! «በነገራችን ላይ» ያለኝ እሱ አይደል?